የሰባተኛው ቀዳዳ ባለቤት

«ሰው ሲከሰስ ይፈራል። እኔ ግን የምፈራልሽ የምትከሰሺበትን ቀን አይደለም፤ ‹ትካሻለሽ› የሚሉሽን ቀን ነው» አለችኝ አክስቴ እታለማሁ።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቁጥሩን ጨርሼ ንባቡን ስጀምር ከትምህርት ቤት ያስቀሩኝ ሰሞን ነው። አክስቴ የጋን ቤቱን ወለል ሃያ ዓመት የጠረገች ሴት ናት፤ ያየችው ብዙ፣ የምትናገረው ጥቂት ነበር። «ለምን?» ብዬ ጠየቅኳት። «ዝም ብለሽ ያዥው» አለችኝ። ዝም ብዬ ያዝኩት።

ያ አገር ስም አለው። ስሙን ብጠራው ለእኔም አይበጅ፣ ለሚሰማኝም አይበጅ። ስለዚህ «ያ አገር» እያልኩ ልንገራችሁ።

በዚያ አገር ክብር ማለት ከፍታ ነው። አባወራ ከሚስቱ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይተኛል። እንግዳ ሲመጣ ረጅሙ በርጩማ ይወጣለታል፤ ምግቡ የሚቀርበው መሬት ላይ ስለሆነ ግን እንግዳው ሊጎርስ ጎንበስ ሲል ይወድቃል። ሲወድቅም «ክብሩ ከበደው» ይሉለታል እንጂ በርጩማውን የሚያሳጥር የለም። አንድ ሹም የታመመ እንደሆነ መድኃኒቱን ከጣሪያው ወራጅ ላይ ይሰቅሉለታል። ብዙ ሹሞች መድኃኒታቸውን እያዩ ሞተዋል።

ከብዙ ዘመን በፊት እዚያ አገር አንድ ደግ ንጉሥ ነበሩ ይባላል። እሳቸው በነገሡበት ጊዜ በዳይ ካሳ ሲከፍል ጉልበተኛ ሁሉ እየተቀራመተው፣ ተበዳይ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ንጉሡም አዘኑና «ከእንግዲህ ተበዳይ ይከበር» ብለው አዋጅ አስነገሩ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፤ አለቀሱም። ከዚያ ጋን ቤት ብለው በሰየሙት ጣሪያ አልባ ግቢ ውስጥ ቤት የሚያህል ጋን ከጭቃ አሠሩ። ካሳ የሚከፈልበት ጤፍ ሁሉ በጋኑ አፍ እንዲገባ፣ በጎኑም ከታች እስከ ላይ ሰባት ቀዳዳ እንዲበጅለት አደረጉ። ተበዳይ ይከበር ተብሏልና ከሁሉ ከፍ ያለውን፣ ከጋኑ አፍ አንድ ክንድ ብቻ ዝቅ የሚለውን ሰባተኛውን ቀዳዳ ለተበዳይ ሰጡ። በፊቱም ወንበር ሰቀሉ።

ይህን ያደረጉት በክፋት አልነበረም። እኔም ብዙ ካሰብኩበት በኋላ ነው የገባኝ። አክብረውን ነው።

ጤፍ ግን ክብር አያውቅም። ወደ ታች ይወርዳል።

የታችኛው ቀዳዳ የጋኑ የራሱ ነው፤ ጋን ካልተለሰነ ካሳ የለም ይላሉ። ሁለተኛው የዘውዱ ነው። ሦስተኛው የከበሮው ነው፤ ከበሮ መቺው በካሳ ቀን ጥላው እግሩ ሥር ሲገባ መምታት አለበት፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ ቢያዘገይ የወሩ ድርሻው ይቀርበታል። አራተኛው የዳኞቹ ምንጣፍ፣ አምስተኛው የጸሐፊው ቀለም ነው። ስድስተኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ጆንያ ተደግኖ ይቆያል፣ አንድ ሰው መጥቶ ያየዋል፣ ይሄዳል። ማን እንደሆነ አይጠየቅም። የየቀዳዳው ባለቤት «በቃኝ» ካላለ ውታፉ አይገባም። እኔ በኖርኩበት ዘመን «በቃኝ» ያለ ሰው አልሰማሁም።

ልጄ ውባንቺ ስድስት ዓመቷ ነበር። ባሌ ለጥጥ ለቀማ ቆላ ወርዶ ከቀረ ወዲህ ለሰው ቤት ውሃ እየቀዳሁ ነበር የማሳድጋት። አንድ የገበያ ቀን፣ ዳገቱ ላይ፣ ጓንጉል የሚባል ጋሪ ነጂ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ሳያደርግ ጋሪውን አቁሞ ጭድ ሊያወርድ ሄደ። ጋሪው ተንሸራተተ። የልጄ ቅልጥም ላይ ሄደበት።

ጓንጉል አልሸሸም። እሱ ነው ተሸክሞ ወደ ዳኞቹ ያመጣት፤ ሸሚዙ በደም ርሶ ነበር። «አጥፍቻለሁ» አለ። ዳኞቹም በአንድ ጀንበር ፈረዱ፤ አሥራ ሁለት ቁና ጤፍ፣ በየወሩ አንድ ቁና።

«እንኳን ደስ ያለሽ!» አሉኝ ጎረቤቶቼ። «ትካሻለሽ!»

የአክስቴ ቃል ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ማኅተም ጠባቂው መጣ። ቀጭን፣ ጉንፋን የማይለቀው ሰው ነው። የውባንቺን እግር በቀይ ክር ጠመጠመው፤ ቋጠሮው ላይ ሰም አንጠባጠበና ማኅተሙን አሳረፈ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ማስረጃ ነው» አለኝ አፍንጫውን እየጠረገ። «ተበዳይ በሰባተኛው ቀዳዳ በኩል የመጀመሪያዋን እፍኝ እስክትቀበል ድረስ ጉዳቱ የዳኝነት ንብረት ነው። እንዳይብስ፣ እንዳይሻልም። በየወሩ መጥቼ አየዋለሁ።»

«እንዳይሻልም?»

«የዳነ እግር ምን ይመሰክራል? ይልቅ ልጅቷ እንዳትቧጥጠው፤ ሰሙ ውድ ነው።»

ወጌሻው አያ ሙጨ ጎረቤቴ ናቸው። በእጃቸው ያለፈ አጥንት ሁሉ ቀንቶ ነው የሄደው። ክሩን ሲያዩ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ሳይነኩ፣ ጎንበስ ብለው ብቻ አዩት።

«ጠሞ ይዟል» አሉኝ። «አሁን እርጥብ ጭቃ በይው። እስከ አራት ወር ድረስ በእጄ እመልሰዋለሁ። ከዚያ ካለፈ ይደርቃል፤ የደረቀ አጥንት በመዶሻ ነው። እኔ ደግሞ ሕፃን ላይ መዶሻ አላነሣም። ስታድግ እየጎተተችው ትኖራለች።»

«አሁን ይመልሱልኝ አያ።»

«ማኅተም የነካ ወጌሻ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?» እጃቸውን ከኪስ አወጡና በሁለቱ እጆቻቸው መሀል ያለውን አየር አዩት። «ደግሞ ብመልሰውም አርባ ቀን አጠገቧ ተቀምጠሽ እንዳትገላበጥ ትይዣታለሽ። ውሃ አትቀጂም። ምን ትበላላችሁ?»

መልሱ ያው ጤፉ ነበር። ጤፉ ሲወርድ ማኅተሙ ይፈታል፤ ጤፉ ሲወርድ አርባ ቀን እንበላለን። አራት ወር አለኝ አልኩ።

የመጀመሪያው የካሳ ቀን ውባንቺን አዝዬ የተበዳይን መሰላል ወጣሁ። ታች ሴቶች እልል አሉ። ጋን ቤቱን የሚያስተዳድሩት ትልቁ ሹም ሊቀ ጋን ይባላሉ፤ ጋኑን ወክሎ የሚናገረው ደግሞ አፈ ጋን ነው። አፈ ጋን ወፍራም ድምፁን ዘረጋው፦ «ክብርት ተበዳይ፣ ከፍ ይበሉ!» በወንበሩ ላይ ላለ ተበዳይ «እርስዎ» ነው የሚባለው። በካሳ ቀን ከተበዳይ በላይ የሚቆም ሹም የለም፤ ሊቀ ጋን እንኳ መሰላል አይነኩም። ከፋዩም ቢሆን ከበላይ እንዳይሆን በሌላው መሰላል እስከ አሥረኛው እርከን ብቻ ወጥቶ፣ ራሱ ከተበዳይ ጉልበት ሳያልፍ፣ እጁን ዘርግቶ ወደ ጋኑ አፍ ያፈሳል። ጓንጉል ወጣ፤ አፈሰሰ። እኔ ነጠላዬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ጠበቅኩ። ጤፉ ጋኑ ውስጥ ሽው ሲል ይሰማኛል። ከዚያ ታች፣ በመጀመሪያው ቀዳዳ፣ ጆንያ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ከበሮው ተመታ። ወረድኩ። ከመሰላሉ እንደወረድኩ «አንቺ፣ ወዲያ በይ፣ መንገድ አትዝጊ» አለኝ አፈ ጋን።

በሁለተኛው ወር እንደዚሁ። በሦስተኛው ወር ውባንቺ ጀርባዬ ላይ ሆና «እማዬ፣ መቼ ነው የሚዘንበው?» አለችኝ። እግሯ ከክሩ በታች ወደ ውጭ ዞሮ መቅረት ጀምሮ ነበር።

ያን ዕለት ስወርድ ድፍረት መጣብኝ፤ አፈ ጋንን እጅ ነሥቼ ጠየቅኩት።

«ጌታዬ፣ የላይኛው መቼ ይደርሳል?»

«ምን ጎደለሽ አንቺ? ከሊቀ ጋን በላይ ተቀምጠሽ፣ ከእኔ በላይ ተቀምጠሽ! የእኔ እናት እንኳ እዚያ ወጥታ አታውቅም።»

«ልጄ እግሯ ሊደርቅ ነው ጌታዬ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይህ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራኝ። «ያቺን ታውቂያታለሽ?» አለና በአገጩ ወደ ግድግዳው ሥር ጠቆመኝ።

ግድግዳው ሥር እማ ማዘንጊያ ተቀምጣ ነበር። ማን ያላወቃት አለ? የሰው ከብት ማሳዋን በልቶባት ካሳ ተፈርዶላት አምስት ዓመት ሰባተኛው ቀዳዳ ፊት የተቀመጠች ሴት ናት። አንድ ቀን «ቀዳዳዬን ዝቅ አድርጉልኝ» ብላ ጠየቀች። ተበዳይን ዝቅ በማድረግ ተከሰሰች። ዳኞቹ «የተዋረደችው ተበዳይ ማን ናት?» አሉ፤ «ማዘንጊያ» ተባለ። «ያዋረደቻትስ?» አሉ፤ «ማዘንጊያ» ተባለ። ለራሷ አሥራ ሁለት ቁና እንድትክስ ፈረዱባት። ካሳ ያለ ጋን አይከፈልምና በየወሩ በከፋይ መሰላል ወጥታ አንድ ቁና ታፈሳለች፤ ወርዳ በተበዳይ መሰላል ወጥታ ትጠብቃለች። ከበሮው ሲመታ ባዶዋን ትወርዳለች። እንዲህ ስትሆን ስድስት ዓመቷ ነው።

«ገብቶሻል?» አለኝ አፈ ጋን።

«ገብቶኛል ጌታዬ።»

ከዚያ ወዲህ አፌን ዘጋሁ። ማኅተም ጠባቂው መጣ፣ ክሩን በጥፍሩ ነካካ፣ «ጥሩ ይዘሻል» አለኝ፣ ሄደ። ውባንቺ በእንቅልፏ መሀል እግሬን እግሬን ትላለች። አያ ሙጨ በበሬ ሲያልፉ ጣቶቻቸውን ያሳዩኛል፤ መጀመሪያ ሃያ ቀን፣ ቀጥሎ አሥራ አምስት፣ ቀጥሎ አሥር።

አሥር ቀን ሲቀር ወንዝ ወርጄ ውሃ ስቀዳ ጓንጉል መጣ። ትከሻው ላይ ጆንያ ይዟል።

«እህት ዓለም፣ አትሽሺኝ።»

«ምን ፈለግህ?»

«ሦስት ጊዜ አፈሰስኩ። ሦስቱንም ጊዜ ቀና ብዬ አየሁሽ፤ ምንም አልወረደልሽም።» ጆንያውን አወረደው። «ይኸው ሦስት ቁና። የሚመጡትን የሦስት ወር በሙሉ። ጋሪውን ሸጬ ነው። ያዥውና ልጅቷን አሳክሚ።»

«ሂድ። ሰው ያየናል።»

«ማንም የለም እኮ!»

«አለ።»

ማዶ እግሩን የሚታጠብ ሰው ነበር። እኔ ማድጋዬን ሳልሞላ ጀምሮ እግሩን ይታጠባል። የታጠበውን መልሶ ያጥበዋል።

በጋኑ ሳያልፉ ካሳ መስጠት «ጋኑን መዝለል» ይባላል። የዘለለው ከፋይ የጋን ቤቱ ምድር ቤት ይታሰራል። የተቀበለ ተበዳይ ደግሞ ማስረጃውን ይነጠቃል፤ ማስረጃው ወደ ጋን ቤት ጓዳ ይወሰዳል። የእኔ ማስረጃ ውባንቺ ነበረች። አክስቴ ያን ጓዳ ስትጠርግ ኖራለች። የተሰበረ ሞፈር አለ፣ የተቀደደ ጋቢ አለ፣ በሳህን የተቀመጠ ጥርስ አለ ትለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ስጠይቃት ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንሽ ጫማ አለ ብላኛለች።

«አልወስድም» አልኩት።

ጓንጉል ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ጋኑ ውስጥ ከምደፋው ወንዙ ውስጥ ብደፋው ይሻላል! ምን ላድርግ ንገሪኝ!»

ማዶ ያለው ሰው እግሩን ማጠብ አቆመ።

ማድጋዬን አዘልኩ። ልሄድ ዞር ስል፣ ከአፌ የወጣው ይህ ብቻ ነው፦ «የመሰላልህ ዘጠነኛው እርከን ላልቷል። ከላይ ሆኜ ሳየው ይወዛወዛል። ተጠንቀቅ።»

ወደ ኋላዬ ሳላይ ዳገቱን ወጣሁ። ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ የሚጠይቁኝ አሉ። እርከኑ እውነትም ላልቶ ነበር።

አራተኛው የካሳ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ የሚፋጅ ነበር። ውባንቺን አዝዬ ወጣሁ። ነጠላዬን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። እልልታው ቀዝቀዝ ብሏል፤ ሰው ሲሰለች እንዲህ ነው። ሊቀ ጋን ዣንጥላ ተይዞላቸው ያዛጋሉ። ታች ከከፋዮቹ ተራ እማ ማዘንጊያ ቁናዋን ታቅፋ ቆማለች።

ጓንጉል ተጠራ። ያን ቀን የያዘው ቁና አይደለም፤ ጆንያ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አፈ ጋን።

«የዚህ ወርና የሚመጡት፣ ጌታዬ። ቀድሜ ልክፈል ብዬ።»

የጋኑ ሰዎች፣ የዘውዱ ሰዎች፣ ሁሉም ጆንያቸውን ማስተካከል ጀመሩ። «ጎበዝ ከፋይ!» አሉት ሊቀ ጋን።

መውጣት ጀመረ። እየቆጠርኩ ነበር። ሰባት። ስምንት። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ እግሩን አሳረፈ፤ እርከኑ ተጠማዘዘ። ጓንጉል በአንድ እጁ መሰላሉን አንቆ ወደ እኔ ዘመመ፤ የጆንያው አፍ ተፈታ። ጤፉ በሙሉ፣ ሦስቱም ቁና፣ ጭኔ ላይ ወረደ። ክብደቱ ወደ ወንበሩ ደፈቀኝ። አንዲት ቃል ሳይናገር ቁልቁል ወረደና እጁን አጣምሮ ቆመ።

ታች የቆሙት የቀዳዳዎቹ ሰዎች ጆንያቸውን ለቀቁ።

«ዘለለ!» አለ አፈ ጋን። «ጋኑን ዘለለ! ያዙት!» ያዙት። «ጤፉ ይውረድ!»

«ማን ያውርደው?» አለ ጸሐፊው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔ ወንበሩ ላይ እስካለሁ ድረስ ከእኔ በላይ መውጣት የሚችል ሹም የለም።

«መዝገቡ ምን ይላል?» አሉ ሊቀ ጋን።

ጸሐፊው መዝገቡን ያገላብጥ ጀመር። «በሰባተኛው ቀዳዳ አልወጣም፤ ስለዚህ ካሳ አይባልም። ከላይ ነው የወረደው። ከላይ የሚወርድ ነገር እዚህ የተጻፈው አንድ ብቻ ነው፤ ዝናብ።»

«ዝናብ የማን ነው?»

«የዘውዱ ነው ጌታዬ፤ መሬት ሲነካ።»

«መሬት ነክቷል?»

ሁሉም ቀና ብለው ጭኔን አዩ። ነጠላዬን በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት።

አፈ ጋን ፊቱን አሣመረ። ድምፁን እንደ ማር አደረገው። «ክብርት ተበዳይ፣ የጋኑ አፍ አጠገብዎ ነው። በእጅዎ መልሰው ያፍስሱት። ምንም አይሆኑም።»

እውነት ነበር፤ እጄን ብዘረጋ ይደርሳል። ታች ያለው ሁሉ እጄን ነው የሚያየው። ማኅተም ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ እኔን አያይም፤ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጄን ነው የሚያየው። ሆኖም ተናገርኩ።

«ጌታዬ፣ የተበዳይን ካሳ በገዛ እጄ ባወርደው፣ ተበዳይን ዝቅ ማድረግ አይሆንብኝም?»

«ምን አለች?» አሉ ሊቀ ጋን።

«እማ ማዘንጊያ የተቀጣችው በዚሁ አይደለም?»

ታች ያለችው እማ ማዘንጊያ ቁናዋን መሬት አስቀመጠች። «እውነቷን ነው» አለች ጮክ ብላ። «እኔ ይኸው በዚሁ ነኝ። ስድስት ዓመቴ!»

ሰው ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ታፈነ፤ የሳቀው ሰው ግራና ቀኙን አየ።

«ጸጥታ! አንቺ ሴትዮ መልሺው ብያለሁ!» አለ አፈ ጋን። «እርስዎ» ማለቱን ረሳ።

«ብትመልሰው ትከሰሳለች» አለ ጸሐፊው ጣቱን መዝገቡ ላይ ተክሎ። «ባትመልሰው የምትከሰስበትን ግን ገና አላገኘሁትም። ጊዜ ስጡኝ።»

«ከበሮው ይቆይ!» አሉ ሊቀ ጋን። ከበሮው ከተመታ ተበዳይ ጭኑ ላይ ያለውን ይዞ ይወርዳል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

ከበሮ መቺው ሽማግሌ ነው። እግሩን አየ። «ጌታዬ፣ ጥላዬ ሊገባ ነው።»

«ይቆይ አልኩህ!»

«ድርሻዬስ ጌታዬ?»

«አንተ ሰውዬ!»

«የልጅ ልጆች አሉኝ ጌታዬ። ድርሻዬን ማን ይሰጠኛል? ዘውዱ ይሰጠኛል? ስድስተኛው ይሰጠኛል?»

ስድስተኛው ሲባል ሊቀ ጋን እንኳ ወደ በሩ አዩ። ጸሐፊው ገጽ ይገልጣል፤ ሌላ ገጽ ይገልጣል። ውባንቺ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች፤ ትንፋሿ አንገቴን ያሞቀዋል። ሽማግሌው አንዴ ሊቀ ጋንን፣ አንዴ ባዶ ጆንያውን አየ። ከዚያ እግሩን አየ። መታው።

ነጠላዬን ቋጥሬ ወረድኩ። ልጄም ጤፉም ስለከበዱኝ እያንዳንዱን እርከን ሁለቴ ረገጥኩት። በጓንጉል በኩል ሳልፍ እጁን ወደ ኋላ አስረውት ነበር። አላየኝም። እኔም አላየሁትም። የሚያዩን ብዙ ነበሩ።

ቤቴ አልሄድኩም። ከመሰላሉ በቀጥታ አያ ሙጨ ዘንድ ሄድኩ።

አያ ሙጨ በሩን ከውስጥ ዘጉ። ጤፉን አዩ፤ ክሩን አዩ። «እኔ ማኅተም አልቆርጥም» አሉ ቀስ ብለው። «ተቆርጦ ካገኘሁት ግን አጥንት አቃናለሁ።» ዞረው ግድግዳውን ማየት ጀመሩ።

ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ሰሙ አፌ ውስጥ ፈረፈረ።

«እማዬ፣ ያማል?» አለች ውባንቺ።

«አዎ። ያማል።»

«ብዙ?»

«እስከ ሃያ ቁጠሪ፤ ያልቃል።»

እስከ አሥራ አንድ ብቻ ነው የምታውቀው። አሥራ አንድ ስትደርስ ጮኸች፤ እንደገና ከአንድ ጀመረች። አያ ሙጨ ላባቸው በአፍንጫቸው ይንጠባጠባል። በሦስተኛው አሥራ አንድ ላይ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ገባ» አሉ።

አርባ ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጭኔ ላይ የወረደውን ያን ጤፍ በላን።

በአምስተኛው ቀን ማኅተም ጠባቂው መጣ። በሸንበቆ የታሰረውን እግር አየ። ክር የለም፣ ሰም የለም። ወረቀት አወጣ፣ ጻፈ፣ አፍንጫውን ጠረገ። ወጣ። በየሳምንቱ ይመጣል፤ ያያል፣ ይጽፋል፣ ምንም አይልም። አንድ ነገር ቢናገር ይሻለኝ ነበር። የእግሩን ኮቴ ከሌላው ሰው ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ሲመጣ ውባንቺም ታውቃለች፤ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ትስበዋለች።

መዝገቡ ላይ ስለ እኔ «አልተካሰችም» ተብሎ ተጻፈ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁናዎች የጋኑ ሆነዋል። የአራተኛው ቀን ጤፍ ዝናብ ነው ተብሏል። ስለዚህ ጓንጉል ለእኔ አንዲት እፍኝ አልከፈለም፤ ጋኑን ስለ መዝለሉም ሌላ ሃያ አራት ቁና ተጨመረበት። ተበዳዩ ጋኑ ነው። እሱ የታችኛው ቀዳዳ አለው፤ ሳይጠብቅ ይቀበላል።

በአርባ አንደኛው ቀን አያ ሙጨ ሸንበቆውን ፈቱ። ውባንቺ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ግድግዳውን ለቀቀች። ከበሩ እስከ ምድጃው ሄደች፤ ከምድጃው እስከ በሩ ተመለሰች። «ተይው፣ አትከተያት» አሉኝ አያ ሙጨ። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

ከጤፉ የተረፈችኝን ፈጭቼ ለወስኩ። ሁለት ቂጣ ሆነች። በጨርቅ ጠቅልዬ ልጄን ለጎረቤት አደራ ሰጠሁና፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው በሞላበት መንገድ ወደ ጋን ቤቱ ምድር ቤት ሄድኩ። ታሳሪ ስንቁን ከቤቱ ነው የሚያገኘው። ጓንጉል ደግሞ ጋሪውን ከሸጠ ወዲህ ቤት እንደሌለው ሰምቻለሁ።

ዘበኛው ወጣት ነው፤ ጢሙ ገና አልያዘም።

«ለማን ነው?»

«ለጓንጉል።»

«ምኑ ነሽ? እህት?»

«አይደለሁም።»

«ሚስት?»

«አይደለሁም።»

«ኧረ ታዲያ ምኑ ነሽ?»

«ልጄን በጋሪ የሄደባት ሰው ነው።»

ዘበኛው በሳቅ ፈረሰ። «አንተ ና ስማ!» ብሎ ጓደኛውን ጠራው። «ይቺ ሴት መርዝ ይዛ መጥታለች!» ጓደኛው መጣ፤ አብረው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሲያበቁ «ካሳዬን ከፍሎኛል» አልኳቸው።

ሳቁ ቆመ። አንደኛው መዝገብ ገለጠ። «እዚህ አልከፈለም ይላል።»

«የተካስኩት እኔ ነኝ።»

ተያዩ። ጓደኛው በፍጥነት ወደ ውስጥ ገባ፤ ማንን ሊጠራ እንደገባ አላውቅም። ወጣቱ ብዕሩን አነሣ። «ስምሽን ተናገሪ። ያልሽውን ከስምሽ ጋር እጽፈዋለሁ፤ ጋኑን ዘልላ ተቀበለች ተብሎ ይነበባል።»

ስሜን ነገርኩት። እያየሁት ጻፈው። ከውስጥ የእግር ኮቴ ይሰማ ነበር።

«ስንቅ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ይቀምሳል» አለኝ። «ቅመሺ።»

ጨርቁን ፈታሁ፤ ከቂጣው ቆርሼ፣ እያየኝ አኝኬ ዋጥኩ።